ታክሱ የእሷ ነው ተባብለን ነበር

ከሚስቴ ጋር ስንፋታ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተቀምጠው አካፈሉን። ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባለው መንገድ ላይ ያለው ፀጉር ቤት ለእሷ፣ መኪናው ለእኔ። የሱቁ ዕዳና ታክስም የእሷ ይሁን ተባለ። ተጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምን። ተገላገልኩ ብዬ ጉልበት ስሜ ወጣሁ። ጅል!

በሁለተኛው ዓመት ከታክስ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣብኝ። የታክስ ፎርሙን አብረን ፈርመን ባስገባንበት ዓመት የፀጉር ቤቱ ገቢ ተደብቋል፣ ታክሱን ከነቅጣቱ ክፈል ይላል። ደወልኩላት።

"ሱቁን ከዘጋሁ ስድስት ወሬ፣ ከየት ላምጣ? ደሞዝተኛው አንተ ነህ" ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

በነጻ የምትረዳ የታክስ ጠበቃ ጋ ሄድኩ።

"የሽማግሌዎቹ ወረቀት እናንተን እንጂ መንግሥትን አያስርም" አለችኝ። "የታክስ ፎርሙን ሁለታችሁም ስለፈረማችሁ ከፈለጉ ሙሉውን ካንተ ይወስዳሉ። መውጫው አንድ ነው፤ ገቢው መደበቁን አለማወቅህ። ታውቅ ነበር?"

"ኧረ ምን አውቄ!"

"እንግዲያው የሚመሰክርልህ ሰው አምጣ።"

ከሽማግሌዎቹ ትልቁን ይዤ ልሂድ ብዬ አቮንዴል እስቴትስ ሰፈር ካለው ቤታቸው አነሳኋቸው። ከረባት አስረው ወጡ።

"ጋሼ፣ ስለ ሱቁ ምንም አያውቅም ይበሉልኝ፣ በቃ።"

"አይዞህ ልጄ፣ ስላንተ ክፉ አይወጣኝም።"

ጠበቃዋ "ሱቁ ውስጥ ይሠራ ነበር?" ስትል ላስተርጉም አፌን ከፈትኩ። ጋሼ በራሳቸው እንግሊዝኛ ቀደሙኝ።

"እሱ? እንደሱ ያለ ባል የት ይገኛል! ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራው መጥቶ ካሹን የሚሰበስበው እሱ። 'ካርድ አንቀበልም' ብሎ በሩ ላይ የለጠፈው እሱ!"

ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እውነት ነው፣ ለጥፌያለሁ። ሚስቴ "ይቺን ካሽ ፎርሙ ላይ አናስገባትም" ስትል "ተያት" ያልኩትም እኔው ነኝ።

መኪና ውስጥ ጮህኩባቸው። "ጋሼ፣ ገደሉኝ እኮ!"

"አመሰገንኩህ እንጂ ምን አልኩ?" ቀበቷቸውን አሰሩና ትንሽ አሰቡ። "እንደው ዕዳው አንድ ላይ ካሰራችሁ፣ ለምን አላስታርቃችሁም?"

መኪናውን አስነስቼ ቤታቸው አደረስኳቸው። በማግሥቱ ብቻዬን ጠበቃዋ ጋ ተመልሼ በየወሩ ልክፈል ብዬ ፈረምኩ። ስድስት ዓመት! ሚስት የለኝ፣ ሱቅ የለኝ፤ ለታክስ ሰዎች ግን እስካሁን ባሏ ነኝ።