ከኦቨኑ ጀርባ ያለው ሶኬት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ በየነ ያስያዙኝ መፍቻ ሳይሆን መጥረጊያ ነበር። ከሾላ ገበያ ወረድ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ካውያ፣ ምድጃና ፍሪጅ ይጠግናሉ። እኔ ቴክኒክና ሙያ ጨርሼ፣ ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አስለብጬ ነበር የሄድኩት። «እሱን አስቀምጪና ጥረጊ፤ የወደቀ ብሎን የሚያገኘው የጠረገ ነው» አሉኝ። ቅር እያለኝ ጠረግኩ። አራት ብሎን አገኘሁ።

ጊዜው ኮንዶሚኒየም በዕጣ መታደል የጀመረበት፣ መብራትም በፈረቃ የሆነበት ነበር። ፊታቸው ላይ ቁጥር የሚያበሩ ኦቨኖች ከዱባይና ከቤይሩት ይገቡ ጀመር። ሲበላሹ ኮድ ያወጣሉ። ማንዋል ግን የለም፤ ቢኖርም በዐረብኛ ነው። ስለዚህ ጋሽ በየነ ያጋጠማቸውን ኮድ ሁሉ፣ ፋብሪካውን እየለዩ፣ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይመዘግቡ ነበር። «ኢ-1፣ የሙቀት ሴንሰር። ኢ-3፣ የበር መቆለፊያ። ኢ-5፣ ቦርድ።» ያቺን ደብተር ከዳዊታቸው እኩል ያከብሯታል።

መካሪዬ እሳቸው ናቸው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ስይዝ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ እንድከት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ኤሌክትሪክ ሁለቱን እጅሽን ካገኘ መንገዱ በልብሽ ነው» ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን ቃላቸውን መልሼ አላውቅም።

አንድ ቀን ኮተቤ፣ እትዬ አስቴር የሚባሉ ሴት ቤት ተጠራን። ባላቸው ሞተውባቸው፣ የሠርግና የልደት ኬክ እየጋገሩ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሳድጋሉ። ትልቋ ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ ኦቨኑን የላከችው እሷ ናት። «ሲግል ይቆይና ኢ-5 ብሎ ይጠፋል። ኬኬ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ለቅዳሜ ሠርግ ይዣለሁ» አሉን።

ጋሽ በየነ ሲግል የቆየውን ኦቨን ነቅለው ሶኬቱን ለኩ። ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። «መስመሩ ደህና ነው» አሉ። ደብተራቸውን ገለጥ አደረጉና፣ «መቆጣጠሪያ ቦርዱ ሞቷል፤ ይኼ ቦርድ ደግሞ አገር ውስጥ የለም» አሉ።

እኔ ባትሪ ይዤ አበራላቸው ነበር። የሶኬቱ ፊት ቡናማ ሆኗል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። የተነቀለውን ፕለግ ስነካው ገና ትኩስ ነው። የላላ ሽቦ ሥራ ሲፈታ ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ጭነት ሲመጣበት ነው የሚወርደው። መለካት የነበረበት ኦቨኑ እየጋለ ሳለ ነው። ይህን አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ። ግን እሳቸውን ደንበኛ ፊት ማረም እንዴት ይሆናል? ይሉኝታ ያዘኝና አፌን ዘጋሁ።

«በቃ አይድንም?» አሉ እትዬ አስቴር።

«ባይደክሙበት ይሻላል» አሉ ጋሽ በየነ።

እትዬ አስቴር የኦቨኑን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና፣ «ልጄ እንዳትሰማ» አሉ።

ታክሲ ውስጥ ልነግራቸው አሰብኩ፤ ሰው በዛ። ነገ አልኩ። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ክረምቱ እንደወጣ የእትዬ አስቴር ጎረቤት ሊጠራን መጣ። ክረምቱ ላይ ወጥ ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ሶኬቱ እስካሁን አልተጠገነም ነበር። ጋሽ በየነ ለጉልበታቸው እንጦጦ ጠበል ስለሄዱ ብቻዬን ሄድኩ። እትዬ አስቴር ከዚያ ወዲህ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር የሚያበስሉት፤ የሚሰኩትም እዚያው ሶኬት ላይ ነው። ሶኬቱ እሳት ሲይዝ ፕለጉን በእጃቸው ለመንቀል ሞክረዋል። ቁስሉ ድኗል፤ የቀኝ እጃቸው ሦስት ጣቶች ግን ታጥፈው ቀርተዋል።

ሶኬቱን ፈታሁት። ሽቦውን የምትይዘው ብሎን ጠብቃ አታውቅም። የጎደላት ግማሽ ዙር ነበር።

አዲስ ገጠምኩ። ኦቨኑ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ፣ የልጅቱን ፎቶ ተሸክሞ ቆሟል። አስፈቅጄ ከጎረቤቱ ጋር አምጥተን ሰካሁት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጋለ። ኮድ የለም። ቦርዱ ድሮም ጤነኛ ነበር።

እትዬ አስቴር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። «ያን ቀን አየሁሽ» አሉኝ። «ሶኬቱን ታዪ ነበር። አንድ ነገር ልትናገር ነው ብዬ ጠብቄሽ ነበር።»

«አለቃዬን አፍሬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ጌታ ይቅር ይበልሽ፣ እኔም ብያለሁ» አሉ። ቀጥለው የታጠፉትን ጣቶቻቸውን አዩ። «ኦቨኑማ ዳነ። የኬኩን ክሬም ማን ይጨምቀዋል?»

መፍቻዬን ሰበሰብኩ።

ጋሽ በየነ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬዎት።»

«ብትነግሪኝ እቆጣ ነበር» አሉ። «ሁለት ቀን እቆጣና ይወጣልኝ ነበር።» ሱቁን ዘግተው ኮተቤ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ቤት በሄድን ቁጥር፣ ከመፍረዳቸው በፊት ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

ሲሞቱ ደብተራቸውን ልጃቸው አመጣልኝ። ኢ-5 ያለበትን ገጽ ገለጥኩ። «ቦርድ» ከሚለው ሥር፣ በሌላ ቀለም፣ «መጀመሪያ ሶኬት። እየጋለ ለኪ» ብለዋል።

አሁን እኔም የራሴ ሱቅ አለኝ። ሙያውን ለያዛችሁ የምለው ይኸው ነው። ኦቨኑ እየጋለ ሳለ ለኩ። ያያችሁትን እዚያው፣ ደንበኛው ፊት ተናገሩ። አለቃ ቢቆጣ ሁለት ቀን ነው።