ቆሞ የከረመው ዳማ

ዮንዶን ግትር ነበር። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ ተጨቃጭቄዋለሁ፤ አንድም ቀን አሸንፌው አላውቅም። ግን በአርሃንጋይ ሸለቋችን እንደ እሱ ያለ የእሽቅድምድም ፈረስ አሰልጣኝ አልነበረም።

በረዶው ሣሩን በቀበረበት ዓመት አርባ ፈረሶቹ ሜዳ ላይ ደርቀው ቀሩ። የተረፈው አንድ ዳማ ሰንጋ ፈረስ ብቻ ነው፤ ዕድሜው አሥራ ስምንት። ሞንጎል ፈረሱን ቤት አያስገባም፤ ፈረስ የሚከርመው ውጭ ነው። ዮንዶን ግን ከበጎቹ በረት አስገብቶ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ፣ አምስት ወር ሙሉ ድርቆሽ አቀረበለት። እኛ ስንስቅበት እሱ ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ይዞ ከዳማው አጠገብ ተቀምጦ ይውላል።

ሣሩ ሲበቅል ሴት ልጁ ከከተማ መጥታ፣ "ለአንድ ሽማግሌ ፈረስ ብለህ እዚህ አትቀርም፤ እኔ ጋ ትኖራለህ" አለችው። እሱ ደግሞ ዳማውን በበጋው የእሽቅድምድም በዓል አስሩጦ ገና ፈረስ መሆኑን ሊያሳያት ቆረጠ።

የእንስሳት ሐኪሟ ኖርጅማ እግሩን ዳሰሰች።

"ጋሽ ዮንዶን፣ ዘንድሮ ይተዉት። ቆሞ የከረመ ፈረስ አጥንቱ ይሳሳል። ወጣት ቢሆን ቶሎ ይመለስለት ነበር፤ ይሄ ግን አርጅቷል።"

"ልጄ፣ እኔ ፈረስ ሳሰለጥን አንቺ አልተወለድሽም።"

"እሱስ ልክ ነው። አጥንቱ ግን ይሄን አይሰማም።"

አልሰማትም። እንደ አባቶቻችን ቦርጩ እንዲገባ ቀን ቀን ከሣር አርቆ አሰረው፣ ጋለበው፣ ላቡን ሰፋ ባለ የእንጨት መፋቂያ ከገላው ላይ ጠረገ። ለእኛ ፈረስ ለሩጫ መድረሱን የሚናገረው ላቡ ነው፤ መጀመሪያ ወፍራምና ጨዋማ ይሆናል፣ ፈረሱ ሲደርስ ይቀጥናል። አንድ ጠዋት መፋቂያውን ዘረጋልኝ።

"ቅመሰዋ! ውሃ ሆኗል!"

ቀመስኩ፤ እውነትም ውሃ ነው። "ደርሷል" አልኩት። ያን አፌን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። ላቡ ስለ ሥጋው አልዋሸም፤ ስለ አጥንት ግን ላብ ምን ያውቃል?

በማግስቱ ራሱ ጋለበው። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ጉድጓድ የለ፣ ድንጋይ የለ። የዳማው የፊት እግር ቀጭ ሲል ድምፁን ከድንኳኔ ደጃፍ ሰማሁት።

ኖርጅማ መጥታ በመርፌ አሳረፈችው። ዮንዶን አንገቱን እንዳቀፈ ጠየቃት።

"ውጭ ብተወው በብርዱ ይሞት ነበር። ባስገባው ይኸው ሞተ። ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

መርፌዋን ወደ ቦርሳዋ ከተተች፤ ልትነግረው አልፈለገችም።

"ንገሪኝ እንጂ!"

"ከበረት እያወጡ ማስሮጥ ነበር፤ በቀን ለአፍታ። እዚያ ጉብታ ድረስ ቢሆን እንኳ አጥንቱን ያቆየው ነበር።"

"ይሄን ያህል ብቻ?"

"አዎ።"

ጉብታውን ዞሮ አየው። ከበረቱ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው።

በሳምንቱ ልጁ ልትወስደው መኪና ይዛ መጣች። ልስመው ስጠጋ ደህና ሁን እንኳ አላለኝም።

"አምስት ወር ሙሉ እኮ ሥራ ፈት ነበርኩ" አለኝ።

የመኪናውን በር ልጁ ዘጋችለት።