አምስት ጊዜ የተተረተረ ቀሚስ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ መብራት ጠፍቶ ዋለ። ከቢሮ ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳዘግም መንገድ ዳር ያለ ልብስ ሰፊ የከሰል ካውያ አውጥቶ፣ ውኃ በተረጨ ሱሪ ላይ ሲያስኬደው እንፋሎቱ ፊቴ ላይ መጣ። የጋለ ብረት፣ የከሰልና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አንድ ላይ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰውየው ደንበኛ የመጣለት መስሎት "ምን ላርግልሽ እህቴ?" አለኝ። ምን ልበለው? ጋሽ ልየው ትዝ ብለውኝ ነው ብለው አያውቃቸው። ዓይኔ ግን ከካውያው ይልቅ መቀሱን ነበር የሚፈልገው። እንደ ማንኛውም ልብስ ሰፊ እጁ ሥር፣ የስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦታል።

የጋሽ ልየው መቀስ እንዲያ አልነበረም።

ጋሽ ልየው አማኑኤል ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ልብስ ይሰፉ ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ሜትር ከአንገታቸው የማይለይ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ሰው። የስፌት መኪናቸው በሩ ሥር ነው፤ መቀሳቸው ደግሞ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ፣ ግድግዳው ላይ ከተመታ ሚስማር ይንጠለጠላል። ካውያው በሌላ ጥግ፣ ጠመኔው መስኮቱ ላይ። መቀስ ሲያሻቸው ተነሥተው ሄደው ያመጣሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ሄደው ይሰቅላሉ፣ ይቀመጣሉ። ጥቂት ሳይቆዩ እንደገና ይነሣሉ።

እኔ ደግሞ ጠያቂ ልጅ ነበርኩ፤ አክስቴ "ይቺ ልጅ አፏ አያርፍም" እያለች ታማርር ነበር። አራተኛ ክፍል ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃቸው ላይ ቆሜ አያቸዋለሁ፤ ነገሩ ግራ ገባኝ። አንድ ቀን እሳቸው ደጅ ወጥተው ከሰው ሲያወሩ ገባሁና መቀሱን፣ ጠመኔውን፣ ካውያውን ሰብስቤ መኪናው አጠገብ ደረደርኩላቸው። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ! ገብተው አዩ፤ ሳይቆጡ አንድ በአንድ ወደ ቦታው መለሱት።

"ጋሼ፣ ሲነሡ ሲቀመጡ አይደክምዎትም?"

"እኔን ያስተማረኝ ሰውዬ መቀሱን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር የሚሰፋው" አሉኝ። "እጁ ወርቅ ነበር። ከተቀመጠ ንቅንቅ የለም። ኋላ እግሩ እምቢ አለውና ከወንበሩ የሚያነሣው ሰው ፈለገ። እኔ ሚስማሩን ያን ጊዜ ነው የመታሁት።"

የጨረሱትንም ልብስ "መጥታችሁ ውሰዱ" አይሉም። አሥር ሰዓት ሲሆን በሩን ቆልፈው፣ ልብሱን በክንዳቸው ላይ አጣጥፈው በየቤቱ ያደርሳሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም የታመመ ይጠይቃሉ። ይህን ያዙልኝ።

ያን ዓመት ቤታችን ዝም ያለ ቤት ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ እናቴ ይታይሽ ግን ከሏን አላወለቀችም። ሰው ሙት ዓመቱን አውጥቶ ጥቁሩን ይጥላል፤ እሷ ዓመቱ ካለፈም በኋላ በዚያው ጥቁር ቀሚስ መደብ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ገበያውን አክስቴ ትሄድላታለች። እህል አልወርድ አላት፤ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ "ዛሬ ስመለስ አገኛት ይሆን?" እያልኩ አስባለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እናቴም ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

አክስቴ በመጨረሻ ቆርጣ ተነሣች። ከደምበጫ ገበያ ሰማያዊ ጨርቅ ገዝታ መጥታ እናቴ ፊት ዘረጋችው። "ከልሽን የምታወልቂበት ነው። ይህን ባትለብሺ እኔና አንቺ ተቆራረጥን!" እናቴ ለመገላገል ያህል እሺ አለች። ጋሽ ልየው ቤት ድረስ መጥተው ለኳት። ሲወጡ ታዲያ "ከሰኞ ጀምሮ ሱቅ ብቅ በይ፣ እየለካሁ ነው የምሰፋው" አሏት።

ይሄኔ ጆሮዬ ቆመ። ለአገሩ ሁሉ ልብስ ቤት ድረስ የሚያደርሱ ሰውዬ፣ ከደጇ መውጣት ያቃታትን እናቴን ለምን ይጠራሉ?

ሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ እጇን ይዤ ወጣን። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዳገቱን ወጥተን አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ አረፈች። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቀሚሱን ስትለካው አንዱ እጅጌ አጭር ሆነ። "አይ እኔ!" አሉ ጋሽ ልየው። "ተርትሬ አስተካክለዋለሁ፣ ነገ ብቅ በይ።" ማክሰኞ እጅጌው ደህና፣ ወገቡ ጠበበ። ቀጥሎ ደግሞ ወገቡ ሰፋ። ከዚያ ጠርዙ በግራ በኩል ወደ ላይ ተሰቀለ። ባልተረተሩበት ቀን እንኳ "አልደረሰልኝም፣ ነገ ብቅ በይ" አሏት።

ልየው ከቆረጠው አይመለስም የተባለላቸው ሰው እኮ ናቸው! ቄሶቹ ሳይቀሩ ቀሚሳቸውን የሚያሰፉት እሳቸው ጋ ነበር። ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ከተማውን አዳረሰ። "ልየው ዓይኑ ፈዘዘ" ተባለ። አንድ ቀን እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሷን ስትለካ አንዲት ሴትዮ ገባችና ለልጇ ሠርግ የሰጠችውን ጨርቅ መልሱልኝ አለች፤ ለሌላ ሰፊ ልትሰጠው ነው። ጋሽ ልየው ጨርቁን በደንብ አጣጥፈው ሰጧት። እስከ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። አንጀቴን በሉት።

ሴትዮዋ ስትወጣ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ "ጋሼ፣ ዓይንዎን ያምዎታል እንዴ?" አልኳቸው።

"ዓይኔስ ደህና ነው። ይልቅ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ነገ ስትመጡ እናትሽ በመንገድ ስንት ሰው ሰላም እንዳለች ቁጠሪልኝ።"

"ለምን?"

"ቁጠሪ ተብለሻል፣ ወሬኛ!"

ቆጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰው፣ እነሱንም አንገቷን ደፍታ። በማግስቱ አምስት። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከባለወፍጮዋ ጋር ስለ ዝናቡ ስታወራ እኔ እግሬን እስኪደክመኝ ጠበቅኋት። ነጠላው ከዓይኗ ወደ ትከሻዋ ወረደ። ዳገቱን ሳታርፍ ወጣችው። የዚያን ቀን ቤት ስንገባ "ራበኝ" አለች። ራበኝ! የቀረበላትን ሽሮ ጠራርጋ በላች፤ አክስቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ቁጥሩን በየቀኑ ለጋሽ ልየው አደርሳለሁ። "አሥራ አራት" ባልኳቸው ቀን ተነሥተው ሄደው መቀሱን አመጡና ለአምስተኛ ጊዜ የተረተሩትን ቀሚስ ጠርዝ እንደገና ሊሰፉ ተቀመጡ። በማግስቱ ቀሚሱ እናቴ ላይ ልክክ አለ። ከሏን እዚያው ከመጋረጃው ጀርባ አውልቃ፣ ሰማያዊውን እንደለበሰች በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤት ሄደች።

ጋሽ ልየው ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ዓይናቸው ደህና መሆኑን ሰው እስኪያምን ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ የሠርጓ ሴትዮ ግን ተመልሳ አልመጣችም።

ካረፉ ቆይተዋል። ሱቃቸው አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። እኔም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የምውል ሰው ሆንኩና በቅርቡ ሐኪም "ስኳርሽ ከፍ እያለ ነው፤ መቀመጥ ቀንሺ፣ ተራመጂ" አለኝ። ሲናገሩት እንዴት ቀላል ነው! የካውያውን ሽታ ካሸተትኩ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝና ቅዳሜ ተሳፍሬ አማኑኤል ወረድኩ። እናቴን ያን ቀሚስ አሳዪኝ አልኳት። ከሳጥኗ ሥር አወጣችው። ገልብጬ ስፌቱን አየሁት። እጅጌው፣ ወገቡ፣ ጠርዙ ላይ ከተተረተረው ስፌት የቀሩት የመርፌ ቀዳዳዎች ዛሬም ይታያሉ። የተሳሳተ ሰው ስፌት እዚህም እዚያም ይሄዳል፤ እነዚህ ግን በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ቀጥ ያሉ ናቸው።

"እማዬ፣ ጋሽ ልየው ሆን ብለው እንደሆነ ታውቂ ነበር?"

ሳቀች። "በሁለተኛው ቀን ነው የነቃሁባቸው። ልየው እጅጌ ይስታሉ?"

"ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ ተመላለስሽ?"

ቀሚሱን ከእጄ ወስዳ ማጠፍ ጀመረች። "ያቺ ሴትዮ ጨርቋን ስትቀበላቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር" አለች። "ሰውየው ለእኔ ብለው ስማቸውን በክፉ ሲያስነሡ፣ እኔ እግሬን ማንሣት ያቅተኛል?"

ቀሚሱን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ነጠላዋን አነሣች። "በይ ተነሺ፣ ከመጣሽ ጀምሮ ቁጭ እንዳልሽ ነው።"

ወጣን። ከቤታችን ደጅ ጀምሬ ሰላም የምትላቸውን ሰዎች መቁጠር ያዝኩ። አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ።