የቀኙ ጊታር

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ድምፁ ተጣርቶ እንደገና የወጣ የሮክ አልበም በስልክ ላከልኝና ከድሮው ጋር አስተያይቼ ፍርዴን እንድነግረው ጠየቀኝ። እንደ ልማዴ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ፤ ባሱ ጠርቷል፣ ከበሮው ከሌላው ድምፅ ጋር አይደበላለቅም፣ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ በቀኝ በኩል ያ ቀጭን ጊታር ሲገባ ግን መጻፉን ተውኩት።

አልበሙን ያወቅሁት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካሴት እየቀዱ ይሸጡ ከነበሩት ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ነው። ዋናውን ካሴት አንድ የመንገድ ሥራ ሾፌር ትቶላቸው ሄዷል፤ ሽፋኑ ውሃ ነክቶት ስሙ ስለጠፋ ዘፋኙን በፎቶው «ጸጉራሙ» እንለው ነበር። ጋሽ ሰይድ በመንዙማና በባህል ዘፈን መሃል ጸጉራሙን ጣል ሲያደርጉ፣ አንድ ቃል የማይገባቸው፣ መኪና የሚጠብቁ ገበያተኞች ሳይቀሩ ወሬያቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር። እሳቸው ካሴት ሲመረምሩ ፊታቸውን ወደ ቀኝ መለስ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግራ ጆሯቸውን ለስፒከሩ ይሰጡና «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። እኛም ሙዚቃ አዋቂ ለመባል አንገታችንን አጣመን ማዳመጥ ስለጀመርን፣ አንድ መምህራችን ክፍሉ ውስጥ የአንገት በሽታ ገባ ወይ ብሎ እስከመጠየቅ ደርሶ ነበር።

አንድ ቀን ከክፍል ጓደኛዬ ዎክማን ተውሼ የገዛሁትን ቅጂ ስሰማ የቀኙ ማዳመጫ ዝም አለ። ተበላሽቷል ብዬ ገመዱን ብነካካም ለውጥ የለም። ጋሽ ሰይድን ለምኜ ዋናውን ካሴት በዎክማኑ ስሞክረው ግን በቀኝ በኩል ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ሌላ ጊታር አለ። ለካ የሚቀዱበትም የሚያጫውቱበትም ቴፕ አንዱ ወገን ሞቶ ኖሯል፤ ከተማው ሁሉ ለዓመታት የሰማው ግማሹን ነው።

ይህን ብቻቸውን ሲሆኑ በጆሯቸው ልነግራቸው እችል ነበር። እኔ ግን በገበያ ቀን፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ ሄጄ ቅጂዎ ጎዶሎ ነው አልኳቸው። ከእሳቸው ጆሮ የሚያመልጥ ድምፅ እንደሌለ እየሳቁ ነገሩኝ። ላሳምናቸው ብዬ ማዳመጫውን ራሳቸው ላይ አደረግሁና፣ ግራው እንዳያሳስታቸው ከጆሯቸው አላቅቄ ጆሯቸውን በመዳፌ ደፈንኩት። ከዋናው ካሴት ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩ።

«ምንም የለም፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ድምፁን ጨመርኩ። አሁንም ምንም የለም አሉ። እልህ ያዘኝና እስከ መጨረሻው አደረስኩት፤ ጊታሩ ከማዳመጫው አፈትልኮ ባንኮኒው ጋ ለቆሙት ሁሉ ተሰማ።

«ጋሼ፣ እኛ እዚህ ቆመን ይሰማናል'ኮ!» አለ አንዱ፤ ሱቁም በሳቅ ሞላ።

ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወለቁ። «በቀኜ አልሰማም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከግንባር ከተመለስኩ ወዲህ ነው።» ከዚያ ቴፑን ዘጉት።

ለዓመታት ሲደብቁት የኖሩትን ነገር በአንድ ዘፈን አደባባይ አወጣሁት። የሰፈር ልጆች በቀኛቸው በኩል እየተጠጉ በሹክሹክታ ሲሰድቧቸውና ሲስቁ አየሁ። ይባስ ብሎ ካሴት ገዢዎች እሳቸው ፊት ለፊት ቆመው «ይሄ ደህና ነው?» ብለው እኔን መጠየቅ ያዙ፤ እሳቸውም አንገቴን እስክነቀንቅ ይጠብቁ ነበር። ከዚያ በኋላ አንገቱን አጣሞ የሚያዳምጥ ልጅ አላየሁም። ክረምቱ ሳይወጣ ሱቁን ለሌላ አስረክበው አቀስታ እህታቸው ዘንድ ሄዱ።

የሄዱ ዕለት መናኸሪያው ድረስ ዕቃቸውን ይዤ ሸኘኋቸው፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ስለ መንገዱ ጠየቅኳቸው። ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል በመስኮት ጎንበስ አሉና፣ «ያ የቀኙ፣ ምን ይመስል ነበር?» አሉኝ።

«ጊታር ነው፤ ከግራው ትንሽ ቀጠን ይላል» አልኳቸው።

«አብሽር» አሉ፤ መኪናው ሄደ።

በዓመቱ እዚያው አቀስታ አረፉ። ማዳመጫውን ገልብጬ ባደርግላቸው ኖሮ የቀኙ ድምፅ በግራ ጆሯቸው ይገባ እንደነበር የታሰበኝ ከዚያ በኋላ ነው።