ሙሽራ ይዤ ወደ ኋላ?

ትናንት፣ እሁድ ከሰዓት... የወንድሜን ሙሽራ ከቤተሰቦቿ ቤት ይዘን እየተመለስን ነው። ሹፌሯ እኔ ነኝ። መኪናዋም የእኔው ናት፤ በሌላው ቀን ሰው እያመላለስኩ የምኖርባት። ትናንት ግን በአበባና በሪባን ተጠቅልላ ራሷም የምትዳር መስላ ነበር።

የሙሽራዋ የሜሮን ቤተሰቦች ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። ወንዙ ወሰን ነው፤ ወዲያ ክልል፣ ወዲህ ከተማ። ስንሄድ በትልቁ አስፋልት ሄድን። ስንመለስ ግን ጎኔ የተቀመጡት አክስቴ እትዬ አስካለ «በሌላ መንገድ አዙሪ» አሉኝ። «ሰርገኛ በሄደበት አይመለስም።»

ይሁን ብዬ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፈው ትንሽ ድልድይ በኩል አዞርኩ። ድልድዩ አፍ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ቆሟል... «አየር ጤና» ይላል፣ ቀስቱም ቀጥ ብሎ ወደ ድልድዩ ያሳያል። ገባን። ሚዜና ዘመድ የጫኑ ሦስት መኪኖች ክላክስ እያስጮሁ ከኋላዬ ይከተላሉ።

ድልድዩን ልንጨርስ ስንል ከፊታችን ቀይ ክብ፣ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር። መግባት ክልክል ነው ማለት ነው። ከሥሩ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋና አስቆመኝ።

«እህት፣ ምልክቱ አይታይሽም?»

«የማዶው ነው እኮ ግቢ ያለኝ።»

«የማዶውን የተከሉት እነሱ ናቸው። ይሄን የተከልነው እኛ ነን። ተመለሺ።»

በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ። በገባንበት በኩል፣ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ ሌላ ቀይ ክብ ቆሟል። ትራፊክ በሌለበት ቀን ሰው ዝም ብሎ ያልፋል፤ የቆመ ቀን ነው ጉዱ። ሳቄ መጣ።

«ወንድም፣ እዚያም ክልክል ይላል። ታዲያ ልጆቹ እዚሁ ድልድዩ ላይ ጎጆ ይውጡ?»

አልሳቀም። መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝና «ከተመለስሽ እሰጥሻለሁ፤ ወደፊት ካለፍሽ ግን እርሺው» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ማርሹ ላይ ሄዶ ነበር። መንጃ ፈቃዴ እንጀራዬ ነው። ልመለስ ስል እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። እኚህ ሴትዮ ሲቆጡ እንጂ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም... ትናንት ግን ፈርተው ነበር።

«በእኔ ሰርግ ወንዝ ሞልቶ መለሰን» አሉ ቀስ ብለው። «በሄድንበት ገባን። ዓመት ሳይሞላኝ ባሌን ቀበርኩ።»

ሜሮን ከኋላ ሰምታለች። ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የዋለችው ልጅ ቀና ብላ «አልመለስም» አለች። ወንድሜ ሊያባብላት ሞከረ። «እኔ አልመለስም፣ ዳዊት» አለችው፤ እንባዋ ኩሏን ይዞ ወረደ።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንበትም። ሰርገኛ ስለተመለሰ ሰው አይሞትም። ግን ነገ ባሏን ራሱን ባመመው ቁጥር ይህች ልጅ ድልድዩን ልታስብ ነው። ለአንድ ቆርቆሮ ብዬ ይሄን ፍርሃት ይዛ ጎጆዋ እንድትገባ አላደርግም። ተናደድኩ... በጣም ተናደድኩ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ወረድኩና ከኋላ ያሉትንም «አጥፉና ውረዱ» አልኳቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ትራፊኩ።

«ምልክቱ የሚከለክለው መኪና ነው። ሙሽራ አይከለክልም።»

የኋላውን በር ከፈትኩ። ሜሮን ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች። እትዬ አስካለ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ሚዜዎቹ በጭብጨባ ተቀበሏቸው፣ ከበሮውም ከመኪና ወረደ። ሙሽሮቹ እየተጨፈረላቸው በቀዩ ምልክት ሥር በእግራቸው አለፉ። ትራፊኩ ዘወር ብሎ አሳለፋቸው። እግረኛን ምን ብሎ ይመልስ?

እኔና ሌሎቹ ሹፌሮች ግን አልሄድንም። መኪናዬን ተደግፌ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መጣ። ከከተማው፣ ከዓለም ባንክ ሰፈር በኩል ደግሞ ሚኒባስ። ከዚያ ሌላ ሚኒባስ... ጡሩምባው ሰፈሩን አናወጠው።

«መኪናውን አንሺ» አለኝ ትራፊኩ።

«ወዴት?»

«ወደፊት።»

«ወደፊትማ ክልክል ነው።»

«እሺ፣ ወደ ኋላ።»

«ወደ ኋላም ክልክል ነው። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ።»

የሚኒባሱ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አለቃ፣ አንዱን ምረጥና ልቀቀን እንጂ» አለ።

ትራፊኩ ላቡን ጠረገ። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይነሳ ብዬ ስንት ጊዜ አመለከትኩ። እኛ ጋ እነሱ ያንሱ ይላሉ፣ እነሱ ጋ እናንተ አንሱ ይላሉ። ፀሐይ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።»

አሳዘነኝ። ቁልፉን ግን ከእጄ አላወጣሁም።

«እንግዲያው ሸፍነው» አልኩት። «መንጃ ፈቃዴንም ስጠኝና ልለፍ።»

ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ቢጫ ሰደርያውን አወለቀና ቀዩ ክብ ላይ አጥልቆ ከሥር አሰረው። መንጃ ፈቃዴን መለሰልኝ።

«ይኸው፣ አሁን ምልክት የለም። እለፊልኝ በናትሽ።»

አለፍኩ። ሌሎቹም ሹፌሮች ተከተሉኝ። ወዲያው ሙሽሮቹ ላይ ደረስኩ፤ ሜሮን ነጭ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሳቀች ነው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ወጥቶ ያጨበጭባል። እትዬ አስካለ ገብተው ጎኔ ተቀመጡ። ትንሽ እንደሄድን ወደ መስኮቱ ዞረው «ያኔ አልመለስም የሚልልኝ ሰው አጥቼ ነው» አሉ። እጃቸውን ያዝኳቸው።

ለካ ክልክልም ሲያፍር ሰደርያ ይለብሳል።