ቀይ ክር ያለበት ገመድ

በዚያ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከትልቁ ባሕር ዛፍ አጠገብ የነበርነው ሰባት ሰዎች ነን። አንደኛው የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነው፤ ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ መዳፉ ላይ ይዞት ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌው የግቢ ዘበኛ ናቸው። ሦስተኛዋ ደብተር ይዛ ቁጥር የምትጽፈው ተማሪ ናት። አራተኛዋ አጭሯ ተማሪ፣ ከክፍል ባወጣነው አግዳሚ ወንበር ላይ የቆመችው። አምስተኛው ረጅሙ ቀልደኛ ተማሪ። ስድስተኛዋ የጽዳት ሠራተኛዋ፤ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ሲያልፉ ቆም ብለው አዩን። ሰባተኛው እኔ ነኝ፤ ከዘበኛው ተረከዝ አጠገብ ተንበርክኬ ነበር። የቀሩት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተራቸውን ይጠብቁ ስለነበር ያዩት ነገር የለም። መስኮቱ ወደ ሌላ በኩል ነው።

አንድ በአንድ የምቆጥረው በምክንያት ነው። ዘበኛው ከዚያ በኋላ ዓሥራ አንድ ቀን ኖረው ሞቱ። የቀረነው ስድስት ነን። ከስድስታችን አንዱ ያየው እንደሆነ አንድ ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ሰውዬው በምን ገመድ እንደለካናቸው አውቀው ነበር ወይ?

እኔ መምህር አይደለሁም። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ሞላሌ ገበያ ዳር ሬዲዮና የሶላር መብራት እጠግናለሁ። የቀረውን ያገኘሁት ከአሮጌ የተማሪ መጻሕፍት ነው፤ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ መልመጃዎቻቸው በሰው እጅ የተሞሉ። መልሱ ተሞልቶ ሳገኘው ስለማላምን እንደገና እሠራዋለሁ። መምህሩ አንድ ቀን ሬዲዮ ሊያሠራ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ከሁለት ቆርኪና ከአንድ የጃንጥላ ሽቦ የሠራሁትን ሚዛን አየ። አንዲት የገብስ ፍሬ ሲያስቀምጥባት ዘንበል አለች።

«ይኼንን ልጆቹ ቢያዩት» አለኝ። «እኛ ጋ ቤተ ሙከራ የሚል በር አለ፤ ከበሩ ኋላ ግን የተሰበረ ወንበር ብቻ ነው ያለው።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። በሳምንት አንድ ቀን እየሄድኩ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ነገር እጅ የሚይዘው ለማድረግ እንሞክር ነበር። ልጆቹ የእንጨት ርዝመት እየቀያየሩ ድንጋይ በመፈንቀል ስለ ማንሻ ተማሩ። የአንድ በግ ፀጉር ታጥቦ ሲደርቅ ክብደቱ ስንት እጅ እንደሚቀንስ በመቶኛ አሰሉ። ከዚያ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘን ደረሰ።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ጉዳይ ራሱ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ትልቁ ባሕር ዛፍ ነፋስ ሲመጣ ወደ ሰባተኛ ክፍል ጣራ ያዘነብላል። ከሥሩ እስከ ክፍሉ ግድግዳ ዓሥራ ስድስት ሜትር ነው። ቢወድቅ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? ሳይወጡበት ለማወቅ ጥላውን መለካት ይበቃል፤ ቁመቱ የታወቀ ሌላ ነገር አጠገቡ አቁሞ፣ የሁለቱን ጥላ ማነጻጸር ነው።

መምህሩ በትር እናቁም አለ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። «በትር ሲሆን የመጽሐፉ ሥዕል ነው የሚመስላቸው። ከመካከላቸው ሰው ይቁም። የራሳቸው ጥላ ከሆነ አይረሱትም» አልኩ። ይህን የተናገርኩት እኔ መሆኔ ይመዝገብ።

ገመዱንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ ያለው መለኪያ የአንድ ሜትር የሰሌዳ ማስመሪያ ብቻ ነው። ረጅም ገመድ ፈልጌ፣ በሜትር በሜትሩ ቀይ ክር ላሥርበት አሰብኩ። የናይለን ገመድ ሲስቡት ይለጠጣል፤ በዓሥር ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ይዋሻል። የማይለጠጥ የቃጫ ገመድ ያየሁት አንድ ቦታ ነው፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ። የእድሩን ድምፅ ማጉያ ስጠግን ቁልፉን አምነው ይሰጡኝ ነበር። ከድንኳኑና ከትልልቆቹ ድስቶች ጀርባ፣ ምስማር ላይ ለብቻው ተጠምጥሞ ተሰቅሏል። ለብቻው የተሰቀለው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። አስከሬን ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ነው። ስንቱን አውርዶ አውርዶ መለጠጡን ጨርሷል፤ ከዚያ የተሻለ ለልክ የሚታመን ገመድ በአካባቢው አልነበረም። ገመድ ገመድ ነው ብዬ ወሰድኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

በእኛ አገር ደግሞ ሰው ቆሞ በቁመቱ አይለካም። ልብስ ሰፊ ትከሻና ወገብ ቢለካ ማንም አይከፋውም። ከራስ እስከ እግር ግን ሰው የሚለካው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ተኝቶ። መቃብር ቆፋሪዎቹ በእንጨት ይለኩትና እንጨቱን አብሮት ይጥሉታል። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ መጽሐፍ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን እንደማላውቀው ሆኜ ነበር።

«ማን ይቆማል?» አለ መምህሩ።

ቀልደኛው ልጅ አጭሯን በክርኑ ነካ አደረጋት። «እሷ ትቁም ቲቸር። ብትሞትም ጉድጓዷ አያደክምም።»

«አንተ ቁም! አንተን ለመቅበር ሁለት ቀበሌ ይጠራል።»

«እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።»

«ያን ጊዜ ልክህ ተዘጋጅቶ ትጠብቃለህ» አለች ደብተር የያዘችው፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል። ሳቁ። ግን ማንም አልቆመም።

ዘበኛው በሩ አጠገብ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ከገና ጀምሮ ያስላቸዋል። እያሳሉ መጡና ጋቢያቸውን አውልቀው በድንጋዩ አጥር ላይ ጣሉት።

«እኔ ልቁምላችሁ። የእኔ ለማንኛውም ቅርብ ነው።»

«ኧረ አባባ፣ እንዲህ አይበሉ» አለች አጭሯ።

«ዝም በይ፣ ውጪ ወንበርሽ ላይ። ቆቤንስ ላውልቅ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ፣ ቁመት ይጨምራል» አልኩ።

«ጫማስ?»

«ጫማም።»

አወለቁ። መሬቱ የሌሊቱ አመዳይ ቀልጦበት እርጥብ ነበር፤ በባዶ እግራቸው ቆሙበት። እንደ በትር ቀጥ ብለው ቆሙ። አጭሯ ማስመሪያ በራሳቸው ላይ አጋድማ የገመዱን ጫፍ ያዘች። እኔ ተንበርክኬ ገመዱን በቀኝ ጎናቸው ወደ ታች ሳብኩት፤ የተረፈው ከፊታቸው መሬት ላይ ተከመረ። በዚያች ቅጽበት የማየው ተረከዛቸውን ብቻ ነው። ሁለት ስንጥቅ አለበት፤ አንዱ ረጅም። ከመጀመሪያው ቀይ ክር በታች ያለውን በማስመሪያ ለካሁ። አንድ ሜትር ከስድሳ ዘጠኝ።

«ጻፊ» አልኩ። ጻፈች።

ቀልደኛው የጥላቸው ጫፍ ላይ ድንጋይ አኖረ። አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጥላቸው አንድ ሜትር ከሠላሳ፣ የዛፉ ጥላ ዓሥራ አራት ሜትር ከስድሳ። ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አባዙ፣ አካፈሉ። ዛፉ ዓሥራ ዘጠኝ ሜትር ሊሆን ሁለት ሴንቲ ሜትር የጎደለው ሆነ። ቢወድቅ ሦስት ሜትር ያህሉ ጣራው ላይ ነው።

«እኔ ነኝ ያስገኘሁት» አሉ ዘበኛው ጫማቸውን እያጠለቁ። «ያለ ደመወዝ።»

ልጆቹ ወደ ክፍል እየሮጡ ገቡ። ከቀጣዩ ቡድን አምስት ልጆች እኛም እንለካ ብለው ተነሡ፤ ጥላው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር መምህሩ ለሚቀጥለው ሳምንት አለ። ገመዱን ቀዮቹን ክሮች ሳልፈታ ወደ ምስማሩ መለስኩት። ሠርቼ የጨረስኩትን ልክ ማፍረስ አልወድም። ዓሥር ክር ነበረበት።

ቀብሩ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ደመና የለም፤ ጥላ ሁሉ ከሰው እግር ሥር ገብቷል። ተማሪዎቹ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተሰልፈው መጡ። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል አራት ሰዎች ገመዱን ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ ያየሁት ቀዩን ነው። በፊት ከነበረው ይልቅ የደመቀ መሰለኝ። ገመዱ ከሰዎቹ መዳፍ እያመለጠ ሲወርድ አንዱ ክር ከጉድጓዱ አፍ አልፎ ጠፋ። ከኋላዬ ትንሽ ድምፅ፣ ሹክ እንደማለት፣ «አንድ» አለ። ቀጥሎ ሌላ ክር መጣ። «ሁለት።» ዘወር ስል ደብተር የምትይዘው ልጅ ናት፤ መቁጠሯን ራሷም አላወቀችም። የዞርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሰዎች መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ።

ገመዱ ሲወጣ አፈር ይዞ ወጣ። በኋላ ዕቃ ቤት ውስጥ ክሮቹን ቆጠርኩ። ዘጠኝ ናቸው። ሁለተኛው የለም።

በሠልስቱ ሚስታቸው አስጠሩኝ። ድንኳኑ ጥግ፣ ሳር ላይ ተቀምጠዋል።

«ለካችሁት አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«በዚያ ገመድ?»

«በዚያ።»

«ገመዱን ያመጣኸው አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ሐኪሟ ሳንባው ነው አለች። እኔም ሲያስል የማድረው አብሬው ነው፤ አውቃለሁ። ገመድ ሰው አይገድልም። ግን ልጄ፣ ያን ገመድ ከእድሩ ሰው ሁሉ ይልቅ የያዘው እሱ ነው። አባቱን አውርዶበታል፤ ሁለት ልጆቻችንን አውርዶበታል። ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ያውቀዋል። ነክቶታል ወይ?»

«አላየሁም። እግራቸው ጋ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ጠይቅ። አውቆ ከቆመ፣ ለልጆቹ ሲል የሰጠው ነው፤ እኔም ምርቃት ብዬ እይዘዋለሁ። ሳያውቅ ከሆነ ግን አታልለኸዋል። አንዱን እስካውቅ አላርፍም፤ አንተም አትረፍ።»

እስካሁን አላረፍኩም።

ጠይቄያለሁ። አጭሯ ልጅ በቀኝ አውራ ጣታቸው ገመዱን ሲያሹት አየሁ ትላለች። ቀልደኛው፣ አሁን ብዙም አይቀልድም፣ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነበር ይላል። ጋቢው አጥሩ ላይ ነበር፤ ስለዚህ እሱ የሚያስታውሰው ከመቆማቸው በፊት ያለውን መሆን አለበት። የጽዳት ሠራተኛዋ ሲያማትቡ አይቻለሁ ይላሉ። ነገር ግን ዛፉ ሥር የቆመ ሰው ፊቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሰውዬው በዚያ ባለፉ ቁጥር ያማትቡ ነበር። መምህሩ ሰዓቱን ያይ ነበር። ደብተር የያዘችው ቁጥሯን ነው የምታየው። አጭሯን ደግሜ ስጠይቃት «መሰለኝ» አለችኝ። ሚስታቸው ዘንድ «መሰለኝ» ይዤ መሄድ አልችልም።

ከሠልስቱ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ወላጆች መጥተው ዛፉን ወደ ሜዳው በኩል ጣሉት። ልጆቹ አስቀድመው በስሌታቸው መሠረት ጫፉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ድንጋይ አኑረው ነበር። ሲወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጫፉ ከድንጋዩ አንድ ስንዝር መለስ ብሎ አረፈ። ጉቶውን ሄጄ ለካሁት፤ ቁመቱ ያው የጎደለው አንድ ስንዝር ነው። ልካቸው አልተሳሳተም። አንድም ልጅ አላጨበጨበም። ከድንጋዩ ዙሪያ ራቅ ብለው ቆመው አዩትና ወደ ክፍል ገቡ።

አሁን ተማሪዎቹ ከመጽሐፍ ይማራሉ። መምህሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ «መቼ ትመጣለህ?» ብሎኛል። «በበትርም ቢሆን እንጀምር» አለኝ። በጥር ፀሐይ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ መሬት ላይ ያሰሉ የነበሩት ልጆች ትዝ ይሉኛል፤ እሄዳለሁ ልል እነሣለሁ። ወዲያው ያ ተረከዝ ይመጣብኛል። ሚስታቸው ምርቃት ነው እስካላሉ ድረስ በየትኛው እጄ መለኪያ ይዤ ልጆች ፊት እቆማለሁ?

ስለዚህ የዚያን ቀን የነበራችሁትን እጠይቃለሁ። አጭሯ ልጅ፣ ከወንበሩ ላይ ሆነሽ ያየሽው አውራ ጣት ክሩ ላይ ነበር ወይስ ገመዱ ላይ? ቀልደኛው፣ ድንጋዩን ለማኖር ጎንበስ ስትል ፊታቸው ከአንተ ትይዩ ነው፤ የሚያዩት ወዴት ነበር? እትዬ፣ ያማተቡት ገመዱ ራሳቸውን ሳይነካ ነው ወይስ ከነካ በኋላ? ቲቸር፣ ጫማቸውን ሲያጠልቁ መሬት ላይ የተከመረውን ገመድ ያነሣልኝ ሰው ነበር፤ ተጠምጥሞ ነው ያገኘሁት፣ እድርተኞች እንደሚጠመጥሙት ወደ ግራ። እኔ አልጠመጠምኩትም። አንተ ነህ? ከልጆቹ አንዱ ነው? ያነሣችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ከስድስታችን ማንም ያላነሣው እንደሆነም ንገሩኝ።