አባቴ፣ ሽማግሌዎቹና የትንንሽ አውሮፕላኖቹ ፋብሪካ

ሽማግሌዎች እኔን ሊጠይቁ ቤታችን የመጡ ዕለት፣ አባቴ የአንድ የትንንሽ አውሮፕላኖች ፋብሪካን ታሪክ ሲተርክላቸው አረፋፈደ። እኔ ኩሽና ተደብቄ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ እሰማለሁ። ያለ አባቴ ፈቃድ እንደማላገባ ለእጮኛዬ ነግሬዋለሁ። አባቴ ደግሞ እስከዚያን ቀን ለእኔ ብሎ የወደደው ወንድ አልነበረም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ውስጥ ነዳጅ ይቀዳ ነበር። ከዚያ ፋብሪካ ጋር ፍቅር የያዘውም እዚያ ነው። ታሪኩን ከራሱ የዘር ሐረግ አብልጦ ያውቀዋል። ከፍታ ስለሚፈራ ግን ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ አንድም ቀን ተሳፍሮ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው የከተማችን የሐበሻ ሰፈር ከሆነው ከፌርፋክስ በአንድ መኪና እኛ እስካለንበት ባልድዊን ሂልስ ድረስ መጡ። «ተቀመጡ» ቢላቸው «የመጣንበት ሳይሞላ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነው፣ ከተቀመጡ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ታላቅየው የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩና «ልጁም ኤርፖርት ነው የሚሠራው» ብለው ጨመሩ። ምን አቀበጣቸው?

«ኤርፖርት?» አለ አባቴ። ያቺን ድምፁን አውቃታለሁ፤ የፋብሪካው ታሪክ ሊመጣ ነው።

ጀመረ። የፋብሪካው መሥራች የመጀመሪያዋን አውሮፕላን ጋራዥ ውስጥ እንዴት እንደሠራት፣ ክንፏን ጨርቅ እንዴት እንዳለበሳት፣ ስንቱ ፓይለት በእሷ እንደተማረ። ፋብሪካው ከሰረ፣ ተሸጠ፣ ደግሞ ከሰረ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። አንደኛው ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ካደረጉ ብዙም አልቆዩም፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው ያርፋሉ።

«ሶ፣ ጋሼ፣ አሁን ፋብሪካው ኦኬ ነው?» አለ ሦስተኛው፣ ሽማግሌ ጠፍቶ የተመለመለ፣ ገና ሽበት ያላወጣ የታክሲ ሹፌር።

«ገና ሁለተኛው ባለቤት ላይ ነን» አለው አባቴ።

ይሄኔ ባለ ጉልበቱ ሽማግሌ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ። የመጡበት ሳይሞላ! በቃ፣ ጉድ ፈላ፣ አልኩ። አባቴ ግን አየት አድርጓቸው ወሬውን ቀጠለ።

«የገዛት ሁሉ የከሰረው ላሻሽላት እያለ ነው። ሞተር ይጨምርላታል፣ አፍንጫዋን ይቀይራል። የመጨረሻው ባለቤት ግን እንዳለች ተዋት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ትሠራለች።» «ልጄ አንድ ናት። ልጃችሁ የሚወስዳት ሊያሻሽላት ነው?»

ለካ ያን ሁሉ የዞረው ይሄን ለመጠየቅ ኖሯል። እንባዬ መጣ፤ ስናደድበት የቆየሁት አባቴ አሳዘነኝ።

የመለሱት ሶፋው ላይ ያሉት ናቸው፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «ኧረ የኔ ጌታ፣ ማን ደፍሮ? እሷን ፈርቶ ሲጋራ ተወ፣ ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ቀጠሮ ማክበር ጀመረ። የታደሰውስ የኛ ልጅ ነው።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሮ «እናንተም ተቀመጡ እንጂ» አላቸው።